በትንፋሽ የተለካ አፈሙዝ

ሰውዬው ከወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቱቦ አነሣ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ጫፉ ላይ በተቆረጠው የብሎን ጥርስ ላይ ጥፍሩን አስኬደ፤ ከዚያ እንደ ዋሽንት ከታችኛው ከንፈሩ አስጠግቶ እፍ አለበት። ቱቦው «ሁ…» አለ፤ ወፍራም፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ድምፅ።

«ይሄ ከአጭሮቹ ነው» አለ።

«ከየትኞቹ አጭሮች?» አለች ባለሜዳዋ። ከከተማው ዳር ያለው የፔይንትቦል ሜዳ የእሷ ነው፤ የተሰባበሩ የቀለም ጠመንጃዎቿን ዕቃ በከረጢት ተሸክማ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋለች።

«ከእነዚያ ቃታቸው ከሚያቃስተው። የሠራቸው ፋብሪካ ተዘግቷል፤ ዕቃቸው የትም አይገኝም። አይዞሽ፣ እሠራልሻለሁ።»

ሁለተኛውን አነሣ። እፍ። «ፊ…» አለ፤ ቀጭን፣ ሰው የሚያማ ድምፅ። «ይሄ ደግሞ ከረጅሞቹ ነው፤ ያውም ጎብጧል። ማን ነው የተቀመጠበት?»

«ጋሼ ደግሞ! የተቀመጠበትን ሰው ሁሉ ይነግርዎታል?»

«ስሙን አይነግረኝም፤ ክብደቱን ግን አይደብቀኝም።»

ሦስተኛውን አነሣ። እፍ ቢለው ዝም፤ እንደገና እፍ ቢለው ቱቦው በዚያኛው አፉ ትንሽ ውሃ ተፋ። ሰውዬው አሸተተው። ከዚያ ሳቁ እያመለጠው መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ይሄ የጠመንጃ አይደለም። የእጅ መታጠቢያሽ ቧንቧ ነው።»

ባለሜዳዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! ሠራተኞቹን ‹የተበላሸ ቱቦ ያገኛችሁትን ሁሉ ክተቱ› ብዬ… ለካ መታጠቢያ ቤቱ ወንዝ የሆነው ለዚህ ነው!» ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖችና ሞላዎች ሳይቀሩ አብረው ተንቀጫቀጩ።

ሰውዬውን የሚያውቀው ሁሉ ጡሩምባ ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያገኘው በከንቱ አልነበረም። በወጣትነቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማርሽ ባንድ ውስጥ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። አቤት አነፋፉ! ሌሎቹ መሐል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ እሱ አንዲት ድምፅ ይዞ ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ አይለቃትም። ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ሰፊ። የልደት ፊኛ በአንድ እፍታ ይሞላል፤ ሁለተኛ እፍ ካለበት ፊኛው የለም። ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ሁለተኛውን እፍታ ለማየት ሲሉ ብቻ ፊኛ ያመጡለት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የጡሩምባው ቁልፍ ተጣብቆ አልነሣም አለው። ወደ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀራጭ፣ የቶርኖ ባለሙያ ወሰደው። ሽማግሌው ቁልፉን ፈቱ፤ ሞላውን አወጡ፤ ከጎኑ ላይ ዓይን የማያየውን ነገር ገፈፉና መለሱት። ቁልፉ ሲጫኑት ወረደ፤ ሲለቁት ራሱ ተመለሰ፤ ሽው። ያቺ «ሽው» ጡሩምባን ነደፈችው። አየርና ብረት እንዲህ ተስማምተው፣ አንዱ አንዱን ሳይጎዳ፣ ፀጉር እንኳ በማያሳልፍ ክፍተት ውስጥ አብረው ይኖራሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ሊያይ ብቻ ተመልሶ ሄደ። ባንዱ ሲበተን ደግሞ ጨርሶ እዚያው ቀረ፤ ሙያውንም ያዘ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የበር ማጠፊያ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ ጎማ ማቀፊያ ዓመታት ናቸው። የእንጀራ ሥራ እንጂ የሚያስቅ ሥራ አልነበረም። ማጠፊያ ሠርቶ ሲጨርስ የሚስቅ ሰው ማን ነው?

ሳቁን ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ናት። ሚስቱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ቀኑን ሙሉ ክላክስ ሲያስጮህባት የሚውለውን ሁሉ መተኮስ ስለማትችል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሾፌር ጓደኞቿ ጋር ሆና ፔይንትቦል ትጫወታለች። ፔይንትቦል ማለት ጭንብል ያጠለቁ ትልልቅ ሰዎች፣ ልጆቻቸው ቢያዩዋቸው በሚያፍሩበት አኳኋን ከበርሜልና ከጎማ ክምር ጀርባ እየተሹለከለኩ በቀለም ኳስ የሚታኮሱበት ጨዋታ ነው። ጠመንጃው የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነው። ኳሷ እንደ መድኃኒት እንክብል ስስ ቆዳ ያላት፣ ሆዷ ቀለም የሞላ ናት፤ ያገኘችው ሰው ላይ ጧ ብላ ትፈነዳለች። የተቀባ ሰው ከጨዋታ ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ አየር እያፈሰሰ እንደ ድመት የሚተነፍስ ጠመንጃ ይዛ ገባች። ጡሩምባ በብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስሮ ፈታታው። ውስጡ ቱቦ አለ፤ ሞላ አለ፤ የጎማ ቀለበት አለ፤ አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ነሐስ አለ። ነሐሱን በጣቱ ገፋው። ሽው።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ ጣቱ የተቆረጠ መስሏት እየሮጠች መጣች። «አንቺ፣ ይሄ እኮ ጡሩምባ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሜዳው ጠመንጃዎች የማይገኘውን ዕቃ ሁሉ የሚሠራው እሱ ሆነ። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ ለማወቅ መጀመሪያ ይነፋዋል። ብረት ሲነፉት ገመናውን አይደብቅም ይላል፤ ውስጡ ሰፊ ከሆነ ይናገራል፣ ከተሰነጠቀ ይንተባተባል፣ ጉድፍ ካለበት ያስነጥሳል። ከዚያ በኋላ ነው ካሊፐሩን አንሥቶ የሚለካው፤ ካሊፐሩም አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮት አያውቅም። ታዲያ በትንፋሹ ቢተማመን ማን ይፈርድበታል?

አንድ ነገር ግን ነበር። እውነተኛው ጡሩምባ፣ የባንዱ ጡሩምባ፣ በሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ቁም ሣጥኑ ላይ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ይህ የሆነው አማቱ አብረዋቸው ሊኖሩ የመጡ ዕለት ነው። አማቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ የከተማው ጭቅጭቅ፣ የከተማው ፍቅር፣ የከተማው ሐሜት በሙሉ በጆሯቸው ውስጥ አልፏል። ጡረታ ሲወጡ ከዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጸጥታ። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ጡሩምባውን አይተው፣ «ልጄ፣ ያ ነገር ቤት ውስጥ አይነፋም» አሉ። ጡሩምባም «እሺ እማማ» አለ። አማት ናቸው፤ ምን ይላል?

ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ግን ጡሩምባው እንጂ ሳንባው አልነበረም።

ወደ ባለሜዳዋ እንመለስ። የዚያን ዕለት ከረጢቱን ይዛ የመጣችበት ዋናው ጉዳይ አፈሙዝ ነበር። የጠመንጃዎቹ አፈሙዝ በአገልግሎት ብዛት ሰፍቷል፤ አሁን የሚመጡት የቀለም ኳሶች ደግሞ ከድሮዎቹ ያንሳሉ። ተጫዋች ጠመንጃውን ዘቅዘቅ ሲያደርግ ኳሷ ራሷ ተንከባልላ ዱብ ትላለች። «ጠመንጃህ እንቁላል ጣለች!» እየተባባሉ መሳሳቅ ሆኗል።

«እጅጌ እሠራላቸዋለሁ» አለ ጡሩምባ። እጅጌ የሚለው በአፈሙዙ ውስጥ የሚገባ ስስ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ ሰፊውን ያጠብበዋል።

«ልኩን በምን ያውቃሉ? ኳሷ እንደሆነ እርጥበት ሲሆን ታብጣለች፣ ሲደርቅ ትኮማተራለች።»

እውነቷን ነው። ኳሷን በካሊፐር ሊለካ ቢሞክር ካሊፐሩ ሲነካት ትሸማቀቃለች፤ አንዴ ሰፊ፣ አንዴ ጠባብ ትሆንበታለች።

«እኛ ስንጫወት እንዲህ ነው የምናየው» አለችና ኳስ በአንዱ ቱቦ አፍ ላይ አስቀመጠች። «ራሷ ከተንከባለለች ሰፍቷል። ሲነፏት እምቢ ካለች ጠብቧል። ቆማ ቆይታ፣ እፍ ሲሏት ጷ ብላ ከወጣች ልኳ ነው።»

ጡሩምባ ጆሮውን ማመን አቃተው። «መለኪያው… ትንፋሽ ነው?»

«ትንፋሽ ነው።»

ልቡ ጮቤ ረገጠች! ያ ሁሉ ዓመት ሥራ ፈቶ በደረቱ ውስጥ ሲንጎራደድ የኖረ ትንፋሽ፣ እነሆ ተፈላጊ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ሳምንት ሠርግ ይመስል ነበር። ቶርኖው ይዞራል፤ ከአሉሚኒየሙ የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ሴት ልጅ ሹሩባ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ጡሩምባ የባንዱን ማርሽ በጉሮሮው ያንጎራጉራል። አንዷን እጅጌ ጨርሶ ውስጧን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳታል፤ ኳስ ያጎርሳታል፤ እፍ! ጷ! ኳሷ ክፍሉን አቋርጣ ግድግዳው ላይ በሰቀለው አሮጌ ፍራሽ ላይ ታርፋለች። «ልክ!» ይላል ለራሱ። ወደ ቀጣዩ። እፍ! ጷ! «ልክ!» በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከፍራሽ ጋር ሲጣላ አይተው እየሳቁ ያልፋሉ።

ቅዳሜ የሾፌሮቹ ቡድንና የዳቦ ቤቱ ቡድን ተጋጠሙ። ሾፌሮቹ ቢጫ ኳስ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሰማያዊ ኳስ ነበራቸው፤ የሁሉም ጠመንጃ አዲሱን የጡሩምባ እጅጌ ለብሷል። እሱ ራሱ ወደ ሜዳው የመሄድ ልማድ ስላልነበረው ቤቱ ሆኖ ወሬ ይጠብቅ ነበር። በሩ ሲከፈት ሚስቱ ገባች፤ ከግንባሯ እስከ ጫማዋ ቢጫ። ቅንድቧ ቢጫ። የጆሮዋ ጉትቻ ሳይቀር ቢጫ።

«ውይ የኔ እመቤት! ማን መታሽ?»

«እኔ!»

«አንቺማ ተመታሽ፤ ማን ነው የመታሽ ነው የምልሽ።»

«እኔ ራሴ ነኝ እያልኩህ! ቃታ ሳብኩ፤ ከአፈሙዙ ኳስ ሳይሆን ጉም ወጣ! ሁላችንም ራሳችንን ቀባን። ዳቦ ጋጋሪዎቹ በዚያ በኩል ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል፤ እኛ በዚህ በኩል ቢጫ ሆነን ቆመናል፤ መሐሉ ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ዳኛዋ ማን እንዳሸነፈ ግራ ቢገባት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።»

አማቱ ከሶፋው ላይ ቀና አሉ። «ምን ችግር አለው? ማንም ሳይጎዳ ሁሉም ተዝናንቶ ገባ። ጦርነቱም ሁሉ እንዲህ ቢሆን።»

ጡሩምባ ግን አልሳቀም። ኳሶቹ በአፈሙዙ ውስጥ እያሉ ፈንድተዋል ማለት ነው። ባለሜዳዋም ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ እያዘነም እየሳቀም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን እወድዎታለሁ። ደንበኞቼ ግን በራሳቸው ቀለም ተነክረው ወደ ቤት መሄድ አይወዱም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ጨዋታው ይደገምልን ብለዋል። ያኔም ውስጥ ለውስጥ ከፈነዳ አሮጌዎቹን በሙሉ ለብረት አቅላጭ እሰጥና አዲስ አስመጣለሁ። አዲሶቹ ደግሞ መለዋወጫቸውም ጠጋኛቸውም ከፋብሪካቸው ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ ጡሩምባ በቀለም የተነከረውን የሚስቱን ጠመንጃ አየው። ከእነዚህ ጠመንጃዎች በኋላ የሚጠብቀው የበር ማጠፊያ ነው። የበር ማጠፊያ፤ እስከ ዕድሜው ማብቂያ፤ ያለ አንዲት «ሽው»።

በማግስቱ ጠመንጃዎቹን ከሜዳው አስመጥቶ እጅጌዎቹን ሁሉ አወጣና አንድ በአንድ መረመራቸው። ውስጣቸው እንደ መስታወት ያበራል። ጫፋቸው አይቧጥጥም። የጎማ ቀለበቶቹ ደህና ናቸው፤ ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ኳሶቹን ጠረጠረ፤ ቢያሸታቸው ደህና ናቸው። በመጨረሻ እያንዳንዷን እጅጌ እንደገና በትንፋሹ ለካ። እፍ፣ ጷ። እፍ፣ ጷ። ሁሉም ልክ! ታዲያ ምን ነካቸው? ዓለም ዞረበት።

ማክሰኞ እራት ላይ መታገሥ አቅቶት አንዷን እጅጌ ከኪሱ አወጣ።

«እስቲ አንቺ ፍረጂ» አላት ሚስቱን። «ምኗ ላይ ነው ጥፋቷ?» ኳስ አጎረሳትና እፍ አለ።

ኳሷ ጷ ብላ ወጣች፤ በሚስቱ አናት ላይ አለፈች፤ የአማቱ ሾርባ መሐል ገብታ ፈነዳች። ሾርባው ተነሥቶ መነጽራቸው ላይ ተቀመጠ።

አማቱ ማንኪያቸውን በቀስታ አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። በቢጫ ነጠብጣብ መሐል ሁለት ንጹሕ ክቦች ብቻ ቀሩ።

«አምጣው» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«ቱቦውን። ኳስም ጨምርበት።»

«እማማ በእውነት በድንገት ነው፣ ይቅርታ…»

«አምጣው ብዬሃለሁ! ዛሬ እኔም እተኩሳለሁ!»

ጡሩምባ ቱቦውን ሰጥቶ፣ ቅጣቱን ሊቀበል ዓይኑን ጨፍኖ ደረቱን ሰጥቶ ቆመ። አማቱ አነጣጠሩ። ነፉ። ጉንጫቸው አበጠ፤ ፊታቸው ቀላ፤ የአንገታቸው ሐብል ተንቀጠቀጠ። ምንም የለም። ጡሩምባ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ተደፍኗል!» አሉ አማቱ እያለከለኩ።

«ኧረ አልተደፈነም።» ተቀብሎ እፍ አለ። ጷ! ኳሷ መጋረጃው ላይ አረፈች።

«እንደገና አጉርስልኝ!» ነፉ። ምንም። «ይሄ ነገር ሰው ይመርጣል እንዴ?»

«እስቲ ለእኔ ስጪኝ እማዬ» አለች ሚስቱ። ጆሮዋ ጭው እስኪል ነፋች። ኳሷ ቤቷን እንዳገኘች ሁሉ ንቅንቅ አላለችም። ሚስቱ ቱቦውን አወረደች፤ እናቷን አየች፤ እናቷ እሷን አዩ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ጡሩምባ ደረት ዞሩ።

ጡሩምባ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ለካ ጥፋቱ ደረቱ ውስጥ ነበር! ለማንም ሰው የምትጠብቅ እጅጌ፣ ለእሱ ትንፋሽ ልክ ትሆናለች። ሁሉንም በጡሩምባ ነፊ ሳንባ ለክቶ አጥብቧቸዋል። ከዚያ የታመቀው አየር ከኋላ በኃይል ሲገፋ፣ ጠባቧ እጅጌ ከጎን ስትይዝ፣ ምስኪኗ ኳስ መሐል ቤት ሆዷ ይፈነዳል።

«እንደ እኔ የሚነፋ ስንት ሰው አለ?» አለ ቀስ ብሎ።

«በዚህ ምድር?» አለች ሚስቱ ሳቋን እየታገለች። «አንተና የባቡር ፉጨት።» ከዚያ አልቻለችም፤ እየሳቀች ከወንበሯ ተንሸራትታ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ ከዚያ ሥር ሳቋ ብቻ ይሰማ ጀመር።

ጡሩምባ ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ቅስሙ ተሰብሯል። በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ትንፋሹ ነበር፤ እሱም በመጀመሪያ ቤት ውስጥ አይፈለግም ተባለ፤ አሁን ደግሞ ሥራ አበላሸ። አማቱ መነጽራቸውን በናፕኪን እየወለወሉ አዩት። ቢጫ ሆነውም ቢሆን አንጀታቸው ተላወሰ።

«ምን ያስቆዝምሃል?» አሉት። «ትንፋሽህ በዛ እንጂ አነሰ አልተባልክም። የጠበበውን ማስፋት አትችልም?»

«እችላለሁ እማማ፤ ውስጡን በጥቂቱ ማለስለስ ነው። ግን ልኩን በማን ትንፋሽ…»

አማቱ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ነገ የት ነው የምቀመጠው?»

በማግስቱ አማቱ ትራሳቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ፔርሙዛቸውን አንጠልጥለው ወርክሾፑ ውስጥ ከቶርኖው አጠገብ ተሰየሙ። ጡሩምባ ከአንዷ እጅጌ ውስጥ ጥቂት ገፈፈና ኳስ አጎርሶ ሰጣቸው። ነፉ። ምንም።

«መስመሩ ተይዟል» አሉ በኦፕሬተር ድምፃቸው።

ጡሩምባ ደንግጦ አያቸው። ቀልድ ነው? አማቱ ከእሱ ጋር ቀልደው አያውቁም። እንደገና ገፈፈ። ነፉ።

«መስመሩ አሁንም ተይዟል፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ።»

በብርጭቆ ወረቀቱ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ብናኙ እንኳ የማይታይ ትንሽ አስኬደ። ነፉ። ጷ!

«ተገናኝተዋል፤ ይነጋገሩ!»

የሁለቱ ሳቅ በመስኮቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለ ሰው አስቆመ። ግን ሳቅ ራሱ አዲስ ችግር አመጣ። አማቱ ከሳቁ በኋላ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ትንፋሻቸው ካጠረ መለኪያው ይዋሻል፤ ልኩ የሆነችውን እጅጌ «ተይዟል» ይሏታል። ያን አምኖ ጡሩምባ ቢገፍፋት ከልኳ በላይ ሰፍታ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ጡሩምባ በሥራ ሰዓት መሳቅ ክልክል ነው ብሎ ዐወጀ። መሳቅ ሲከለከል ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። አማቱ ቱቦውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በጠርዙ አሻግረው ያዩታል፤ እሱ ጣሪያ ያያል፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ እሳቸውም በቱቦው ውስጥ «ፕፍፍ» ይላሉ፤ ኳሷ መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ሥራ ይቆማል። ሻይ ይጠጣል፤ ትንፋሽ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ እንደገና ይጀመራል።

«አንተ ግን» አሉት በአንዱ የሻይ ዕረፍት፣ ጉንጫቸውን እያሹ። «እኔ አንዲት ኳስ ማስወጣት እንዲህ ካደከመኝ፣ ያን ቆርቆሮ አንድ አደባባይ ሙሉ የምትነፋው በምን ሳንባህ ነው?»

«ድሮ ነው እማማ።»

«እኔ ድሮ መቼ አልኩህ» አሉና ቱቦውን አነሡ።

እንዲህ እየሳቁና እየተከለከሉ ከጨዋታው በፊት ሁሉንም እጅጌ አደረሱ።

ቅዳሜ ጡሩምባ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳው ሄደ። አማቱም ትልቅ ቦርሳ በክንዳቸው አንጠልጥለው ከኋላው ነበሩ፤ ልያዝልዎ ቢላቸው እጁን መቱት። በሜዳው አንድ ጫፍ ሚስቱና ሾፌሮቹ በጎማ ክምር ጀርባ አድፍጠዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ከበርሜል ጀርባ አናታቸው ብቻ ይታያል። ባለሜዳዋ ፊሽካዋን ይዛ ዳር ላይ ቆማለች። ጡሩምባ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ይቆጥራል። አሁን አንዷ ጉም ከተፋች አለቀ፤ በር ማጠፊያ።

ባለሜዳዋ ፊሽካዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ «ቆይ የኔ ልጅ!» አሉ አማቱ። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከውስጡ ያ የታወቀ ሳጥን ወጣ።

ጡሩምባ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። «እማማ… ይሄ እኮ አይነፋም ብለውኝ…»

«ቤት ውስጥ አይነፋም ነው ያልኩት። ይሄ ቤት ነው? እስቲ ጣሪያውን አሳየኝ! አንተ ነህ እንጂ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለህ የረሳኸው፤ እኔ ምን አደረግሁህ?»

ጡሩምባ ያን ሁሉ ዓመት ውጭ የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት እንዳላሰበ ራሱንም ገረመው። ጡሩምባውን አነሣ። ቁልፎቹን ተጫነ፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ሰማዩን ወደ ደረቱ ሳበው። ነፋ።

እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ከጎማው ክምር ላይ አቧራ አነሣ፤ በአጥሩ ላይ የነበሩትን ወፎች በአንድ ጊዜ አሳፈረ፤ በመንገዱ ዳር የቆመች መኪና ደንግጣ ራሷ ማንቂያዋን አሰማች። ዳቦ ጋጋሪዎቹ መተኮስ ረስተው ከበርሜሉ ጀርባ ብቅ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ ድምፅ ግን አላለቀችም፤ ቀጠለች፤ ቀጠለች፤ አማቱ ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ በመጨረሻ አንዷ ሾፌር «ኧረ ተኩሱ!» ብላ ጮኸች።

ተኮሱ። ጷ! ጷ! ጷ! ቢጫ ኳሶች ተሰልፈው ወደዚያ፣ ሰማያዊ ኳሶች ተሰልፈው ወደዚህ። ንጹሕ፣ ክብ፣ ሙሉ ሆነው በአየር ላይ ተላለፉ። አንዲት ጉም የለ፤ አንድ እንቁላል የጣለ ጠመንጃ የለ። ጡሩምባ በእያንዳንዷ «ጷ» ላይ አብሮ ይዘላል፤ አማቱ ደግሞ በጣታቸው ወደ ሜዳው እየጠቆሙ «ያቺ የእኔ ናት! ያቺም የእኔ ናት! ያቺን ረቡዕ ነው የነፋኋት!» ይላሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ።

በዚህ መሐል ከጎማው ክምር ጀርባ ሚስቱ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ወጣች። ደረቷ ላይ አንዲት ትልቅ፣ ክብ፣ ያማረች ሰማያዊ አበባ ፈንድታለች። ትከሻዋ ላይ ሌላ። ቢጫ ግን የትም የላትም። ጭንብሏን አውልቃ እንደ ሎተሪ አሸናፊ እየጮኸች ወደ ዳር ሮጠች።

«ተመታሁ! አየህ ወይ? በሰው ተመታሁ!»

«አየሁ! በሰው ተመታሽ!»

ባለሜዳዋ ከኋላው መጥታ አንድ ከረጢት እግሩ ሥር ዱብ አደረገች። «ለብረት አቅላጩ ልልከው የነበረ ነው ጋሼ። ይኸው፣ ሥራዎ። ቧንቧ የለበትም፣ ሦስቴ አይቻለሁ።»

ጡሩምባ ከረጢቱን ሳያነሣ ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች፤ ሸሚዙ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጡሩምባው በሁለቱ መሐል ተጣብቆ በራሱ «ፑ» አለ። አማቱ ከጎናቸው ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድሮ ከተማውን ሁሉ በሚያገናኙበት በዚያ ድምፃቸው፣

«ተገናኝተዋል» አሉ። «ይነጋገሩ።»